ፕሮቲን የማይሆኑት የኤምአርኤንኤ ጫፎች ሥራቸው ምንድን ነው? (ጥያቄው ከመሐል ሜዳ)

መምህር_ከመንዝ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። መሐል ሜዳ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥያቄው የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው።

ሰሌዳው ላይ ኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ከጂን ተጽፎ ፕሮቲን የሚሠራበትን መልእክት፣ ስዬ ነበር። መሀሉን በቀይ ጠመኔ አደመቅኩት፤ ፕሮቲን የሚሆነው እሱ ነው። ግራና ቀኙን በነጭ መስመር አስረዘምኩና «እነዚህ አይተረጎሙም፣ ዩቲአር ይባላሉ» አልኩ። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ፕሮቲን ካልሆኑ ሴሉ ለምን ይጽፋቸዋል? ጉልበቱን ለምን ያባክናል?»

ራይቦዞሙ (ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ማሽን) የሚይዘው ቦታ እንደሚያስፈልግ፣ ጅራቱም መልእክቱን ከመፍረስ እንደሚጠብቅ ነገርኳት። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አልበቃትም። የአንዳንዱ ጫፍ መርዘሙስ?

ሴልን «ተባዛ»፣ «እደግ»፣ «ይብቃህ» የሚሉት የእድገት ፋክተሮች መጠናቸው በእነዚህ ጫፎች እንደሚወሰን አንብቤያለሁ። የምታውቁ ሰዎች አብራሩልኝ። ከተቻለም ለመንዝ ልጆች ቅርብ የሆነ ምሳሌ ስጡኝ።

---

ሴል_ወዳጅ (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ ለተማሪዎ አድናቆቴን ያድርሱልኝ። የምማረው ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው፤ ይህ ርዕስ ደግሞ ልቤ ውስጥ ያለ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጠን ልጀምር። ብዙ ፕሮቲኖች ትንሽ ቢበዙም ቢያንሱም ሴሉ ችሏቸው ይኖራል። የእድገት ፋክተር ላይ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለም። ቪኢጂኤፍን ውሰዱ፤ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዘው ፕሮቲን ነው። በ1996 ሁለት የምርምር ቡድኖች አይጥ ካላት ሁለት የቪኢጂኤፍ ጂን ቅጂ አንዱን ብቻ አጠፉ። ሌላኛው ቅጂ ጤነኛ ነበር። ሆኖም ፅንሶቹ ሳይወለዱ ሞቱ፤ ግማሽ መጠን አላኖራቸውም። በ2000 ደግሞ ተቃራኒው ታየ። መጠኑ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሲሆን ፅንሶቹ ልባቸው በትክክል ሳይሠራ ቀርቶ ሞቱ። እኔን በጣም የገረመኝ ጭማሪው የመጣበት መንገድ ነው። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑን የሚጽፈውን ክፍል አልነኩትም። ባዕድ ቁራጭ ያስገቡት ከኋላ፣ 3 ፕራይም ዩቲአሩ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ፊተኛው ጫፍ፣ ወደ 5 ፕራይሙ እንሂድ። የራይቦዞም ትንሹ ክፍል መልእክቱን ካፑ ላይ፣ ማለትም የፊተኛው ጫፍ መክደኛ ላይ፣ ይይዝና ፊደል በፊደል እየቃኘ ይሄዳል፤ «ከዚህ ጀምር» የሚለውን ኤዩጂ እስኪያገኝ ድረስ። ይህን የመቃኘት ሐሳብ በ1978 ያቀረበችው ማሪሊን ኮዛክ ናት። በሰው ውስጥ ይህ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ፊደል ቢሆን ነው። የቪኢጂኤፍ ከ1,000 ይበልጣል። በዚያ ላይ ከአርኤንኤ አራት ፊደሎች (ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ሲ) ጂና ሲ ስለሚበዛበት ራሱ ላይ እየታጠፈ ጠንካራ ቋጠሮ ይሠራል። ራይቦዞሙ እዚያ ላይ ሲደርስ ጭኖ ጣርማ በርን እንደሚወጣ መኪና ነው፤ ይወጣል፣ ግን እያቃሰተ። መልእክቱ በብዛት ቢጻፍም ፕሮቲኑ በቁጥብ ይወጣል።

ታዲያ ራይቦዞሙን የሚያግዙ ፕሮቲኖች ሲበዙ ነገሩ ይለወጣል። ካፑን የሚይዘው ኢአይኤፍ4ኢ ይባላል፤ በብዙ ካንሰሮች ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። እሱ ሲጨምር ሁሉም ፕሮቲን እኩል አይጨምርም። ቀድመው የሚጨምሩት ፊተኛ ጫፋቸው ረጅምና የተቋጠረ የሆኑት ናቸው፤ ቪኢጂኤፍና ኤፍጂኤፍ2 ከእነሱ ውስጥ አሉ። ዕጢው የደም ሥር ይጠራል፣ ይመገባል፣ ያድጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የቪኢጂኤፍ ጂን ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

ኤፍጂኤፍ2ን ካነሳሁ አይቀር፣ በሰው ውስጥ ከአንድ መልእክት አምስት መጠን ያለው ፕሮቲን ይወጣል። አጭሩ፣ 18 ኪሎዳልተን የሚመዝነው፣ ከተለመደው ኤዩጂ ይጀምራል። አራቱ ግን ከእሱ ቀደም ብለው ካሉ ሲዩጂ ኮዶኖች (የሦስት ፊደል ቃላት) ይነሳሉ፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ መድረሻቸው ኒውክለስ ነው። ለአንዱ ፕሮቲን «የማይተረጎም» የሆነው ክፍል ለሌላው ይተረጎማል ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ድንበሩን በደማቅ መስመር ባይስሉት ደስ ይለኛል።

---

እነዋሪ_ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ እህቴ። እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፊተኛው ገባኝ። የኋላኛው ግን ብቻውን እንደሚወስን በምን ታወቀ? ምናልባት የእነዚህ ፕሮቲኖች መጠን ዝቅ የሚለው ጂናቸው ብዙም ስለማይነበብ ይሆናላ።

---

ሴል_ወዳጅ (ደብረ ብርሃን)

ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ለዚህ በ1986 ግሬይ ሾውና ሮበርት ኬመን የሠሩት ሙከራ አለ። እስከ ዛሬ ሳነበው ደስ ይለኛል።

ጂኤም-ሲኤስኤፍ የሚባል ፋክተር አለ፤ መቅኒ ውስጥ አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች እንዲበዙ ያዝዛል። መልእክቱ ቶሎ የሚፈርስ ነው። በሌላ በኩል ቤታ ግሎቢን አለ፤ የሄሞግሎቢን አካል ነው፣ መልእክቱም ረጅም ዕድሜ አለው። ሰዎቹ ከጂኤም-ሲኤስኤፍ የኋላ ጫፍ 51 ፊደል ብቻ ያላት ቁራጭ ወሰዱ። ኤና ዩ የሞሉባት ናት፤ «ኤዩዩዩኤ» የሚለው ደጋግሞ ይመጣባታል። ይህችን የጥንቸል ቤታ ግሎቢን ጂን የኋላ ጫፍ ውስጥ አስገቧት። ፕሮቲኑን የሚጽፈው ክፍል እንዳለ ነው፤ የሚነበበውም በራሱ መቀስቀሻ (ጂኑን በሚያስነሳው ክፍል) ነው። ያ ረጅም ዕድሜ የነበረው መልእክት ግን በፍጥነት ይፈርስ ጀመር።

አንተ እንዳልከው ጂኑ ስለማይነበብ ቢሆን ኖሮ ግሎቢኑ ምንም ባልሆነ ነበር። ለማነጻጸሪያ ደግሞ በኤና ዩ ፈንታ ጂና ሲ ያለባት ቁራጭ አስገብተው አዩ፤ መልእክቱ አልተናጋም።

ቪኢጂኤፍም እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። የኋላ ጫፉ 1,900 ፊደል ገደማ ነው። እዚያ ላይ የሚቀመጡ ፕሮቲኖች ይሻማሉ። ትሪስቴትራፕሮሊን የሚባለው ሲይዘው መልእክቱን ለሚያፈርሱት አሳልፎ ይሰጣል። ኤችዩአር ሲይዘው ደግሞ ዕድሜውን ያራዝማል። ሴል ኦክስጅን ሲያጥረው የቪኢጂኤፍ መልእክት የሚረጋው ኤችዩአር ስለሚያግዘው ነው።

---

የላብ_ባለሙያ (ሸዋ ሮቢት)

እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው የምሠራው። በየቀኑ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ስለማነብ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ሰው ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ትሮምቦፖይቲን የሚባል ፋክተር አለ። በብዛት የሚሠራው ጉበት ነው፤ መቅኒ ውስጥ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ትንንሽ የደም ክፍሎች) የሚያመርቱትን ትልልቅ ሴሎች ያበዛል። የእሱ ፊተኛ ጫፍ አስቸጋሪ ነው። ከእውነተኛው ኤዩጂ በፊት ሌሎች ኤዩጂዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አጭር የንባብ መስመር ይከፍታሉ። ራይቦዞሙ እነሱ ላይ ይጀምርና ይጠፋል። የመጨረሻዋ እንዲያውም ከዋናው መጀመሪያ ጋር ትደራረባለች፣ እሷ ላይ የጀመረ ራይቦዞም ዋናውን አልፎት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ትሮምቦፖይቲን በተፈጥሮው በጣም በጥቂቱ ነው የሚመረተው። ደግሞም እንዲህ መሆን አለበት።

በ1998 አንድ የሆላንድ ቤተሰብ ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ፕላትሌት ከልክ በላይ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ይበዛባቸው ነበር። ጂኑ ሲነበብ አንዲት ጂ ወደ ሲ ተለውጣለች፤ ያለችውም ኢንትሮን (ከመልእክቱ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል) መቁረጫው ላይ ነው። በእሷ ምክንያት መልእክቱ ሲቆራረጥ ፊተኛው ጫፍ አጥሮ ይወጣል፤ እንቅፋት የነበረችው መስመርም አብራ ትወጣለች። ፕሮቲኑ ያው ጤነኛው ትሮምቦፖይቲን ነው። ራይቦዞሙ የሚያግደው ስላጣ ግን ፕሮቲኑ ከሚያስፈልገው በላይ ይመረታል። ያ ሁሉ ፕላትሌት የመጣው ከዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለምታነቡ ሁሉ፤ ፕላትሌት ከፍ ብሎ ቢታይ ይህ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። እንዲህ ያለው ቤተሰባዊ ችግር እጅግ ብርቅ ነው። በአብዛኛው ምክንያቱ ኢንፌክሽን፣ ሌላ ብግነት ወይም የብረት እጥረት ነው፤ ሲታከም ይወርዳል። ውጤቱን ለሐኪም አሳዩ።

---

በግ_አሻሻይ (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ ለመንዝ ልጆች የሚሆን ምሳሌ ጠይቀው ነበር። አለ፤ ያውም በግ ላይ።

መሐል ሜዳ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው እጁን መጀመሪያ የሚልከው ወገቡ ላይ ነው። በአውራ ጣቱና በጣቶቹ የአከርካሪውን ግራና ቀኝ ይጫናል። ሥጋው ሞልቶ እንደሆነ፣ አጥንቱ የሚዋጋ እንደሆነ ይለያል። ከዚያ ላቱን ከሥር ደገፍ አድርጎ ይመዝናል። ዋጋ የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው። የእርስዎ ተማሪዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ያ ወገብ ላይ የሚዳሰሰው ጡንቻ ከልክ እንዳያልፍ የሚያዘው ፕሮቲን ማዮስታቲን ይባላል። ከእድገት ፋክተሮች የቲጂኤፍ ቤታ ወገን ነው፤ የእሱ ድርሻ ማቆም ነው። በ1997 ማክፌሮን፣ ሊና ባልደረቦቻቸው ጂኑን አይጥ ላይ ሲያጠፉት የአይጦቹ ጡንቻ እጅግ ገዘፈ። በዚያው ዓመት የቤልጂየም ሰማያዊ የሚባለው ከብት ለምን እንደዚያ ጡንቻማ እንደሆነ ታወቀ፤ ማዮስታቲኑን የሚጽፈው ክፍል ላይ 11 ፊደል ጎድሎበታል። ፕሮቲኑ ተበላሽቷል።

ቴክሰል የሚባለው የበግ ዝርያም በጡንቻው የታወቀ ነው። እዚያም ማዮስታቲን ተጠረጠረ። ጂኑ ሲነበብ ግን ፕሮቲን የሚጽፈው ክፍል ምንም እንከን አልተገኘበትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ይህ ጂን አይደለም» ብሎ ይተወው ነበር። በ2006 የወጣው፣ ሊዬዥ (ቤልጂየም) ላይ የተመራው ጥናት ግን የኋላውን ጫፍ አነበበ። እዚያ አንዲት ጂ ወደ ኤ ተለውጣለች።

አንዲት ፊደል ምን ታደርጋለች? ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ 22 ፊደል ገደማ ያላቸው ትንንሽ አርኤንኤዎች አሉ። የሚጣመሩበት ቦታ መልእክቱ ላይ ሲያገኙ ይቀመጡና ትርጉሙን ያፍናሉ፣ መልእክቱንም ያስፈርሳሉ። የመጀመሪያውን በ1993 ትል ላይ ያገኙት የቪክተር አምብሮስና የጋሪ ራቭከን ቡድኖች ናቸው። የሚቀመጠውም ሊን-14 የሚባል መልእክት የኋላ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለቱ ለዚህ ሥራ በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል። በቴክሰል በግ ላይ የተለወጠችው ፊደል ለሚር-1 እና ለሚር-206 አዲስ ማረፊያ ፈጠረች። ሁለቱም ጡንቻ ውስጥ ሞልተዋል። ማዮስታቲኑ ሥራው ቦታ ላይ እያለ ይታፈናል፣ ጡንቻው ይበዛል።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜ እናገረዋለሁ። ተማሪዎቻችን የአገር ውስጥ በግ ጂን ሊያነቡ ሲነሱ ፕራይመሩን (የሚነበበውን ቦታ የሚወስነውን አጭር ዲኤንኤ) ለፕሮቲን ኮዱ ብቻ አይምረጡት። ኮዱን ብቻ ያነበበ ሰው ቴክሰል በግ ፊቱ ቢቆም እንኳ ልዩነቱን አያገኝም። ጫፎቹን ማንበብ ሲያስከፍል ያስከፍላል፤ አለማንበብ ግን ድካሙን ሁሉ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

---

አርቢው_ሞላሌ

ልጆች፣ ይህን ሁሉ ልጄ ነው ያነበበልኝ። እግዜር ይስጣችሁ። እኔ በግ አረባለሁ። ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ጠቦቶች አንዱ ይገዝፋል፣ አንዱ ቀጭጮ ይቀራል። ይህ የምትሉት የጫፍ ነገር ነው? የእኛንስ በግ እንዲህ ጡንቻማ ማድረግ ይቻላል?

---

በግ_አሻሻይ (ደብረ ብርሃን)

አባባ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። በቅንነት ልመልስልዎ።

የሁለቱ ጠቦቶች ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይመጣም። መንታ ከሆኑ ወተቱን ይሻማሉ፤ ጉልበተኛው ይጠባል፣ ደካማው ይቀራል። የጉበት ትልና የሳንባ ትል በእኛ ደጋ ብዙ ጠቦት ያቀጭጫሉ። የዝናቡ ወቅት፣ የተወለዱበት ወር፣ የግጦሹ ነገር፣ ሁሉም ክብደት ላይ ይታያል። ከዚህ ተርፎ በዘር የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው የብዙ ጂኖች ድምር ነው። የቴክሰሉ ዓይነት አንድ ፊደል ብቻውን ጎልቶ የሚታይበት ነገር ጥቂት ነው።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ የመንዝ በግ የተፈተነ በግ ነው። ብርዱን ይችላል፤ ሣር ሲጠፋ ላቱ ላይ ካጠራቀመው ይኖራል፤ ከጠጉሩ ባና ይሠራል። ጡንቻ ብቻ ፈልገን ይህን ማጣት የለብንም። የቤልጂየሙን ሰማያዊ ከብት ያየ ሰው ዋጋውን ያውቃል፤ ጥጃው ስለሚገዝፍ ብዙዎቹ የሚወልዱት በኦፕራሲዮን ነው። ሞላሌ ላይ ያንን የሚያደርግ ማን አለ?

ኢካርዳ (ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል) እና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንዝ ውስጥ ከአርቢዎች ጋር የያዙት መንገድ እኔ የማምንበት ነው። ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፣ ይመዘገባሉ። አውራውን የሚመርጡት አርቢዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ተመርጦም በጋራ ይጠቀሙበታል። የጂን ንባብ መጥቶ የሚያግዘው ያ መዝገብ ካለ ብቻ ነው። እርስዎ የልደት ቀንና የስድስት ወር ክብደት ከያዙልን ለሳይንሱ ትልቁን ነገር አድርገዋል።

---

ጂን_ቆጣሪ

ክሩን በደስታ ነው የተከታተልኩት፤ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሁላችሁም ለዩቲአር ብዙ ሰጣችሁ። ቪኢጂኤፍ ኦክስጅን ሲጠፋ የሚጨምረው በዋናነት ጂኑ ስለሚነሳ ነው። ኤችአይኤፍ-1 የሚባል ፕሮቲን ጂኑ አጠገብ ተቀምጦ ይቀሰቅሰዋል። ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ በ2019 ኖቤል የተሸለሙት ለዚሁ የኦክስጅን መቆጣጠሪያ ነው። ዩቲአሩ ጭማሪ እንጂ ዋና አይመስለኝም።

ሌላው፣ «አይሬስ» የሚባለው ነገር እዚህ አለመነሳቱ ደስ ብሎኛል፤ ግን ተማሪ ማንበቡ ስለማይቀር ልናገር። የቪኢጂኤፍና የኤፍጂኤፍ2 ፊተኛ ጫፍ ካፑን ሳይፈልግ ራይቦዞም መሀል ላይ የሚያሳርፍ ቦታ አለው ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ቫይረሶች ላይ ይህ የማያጠራጥር ነው። የሴል መልእክት ላይ ግን ሙከራው ራሱ ሊያታልል ይችላል። ሁለት ጂን አንድ መልእክት ላይ አስከትለው ሁለተኛው ከተተረጎመ «አይሬስ አለ» ይላሉ። ያ ጫፍ ድብቅ መቀስቀሻ ወይም ድብቅ መቁረጫ ካለው ግን ሁለተኛው ጂን ብቻውን የያዘ አጭር መልእክት ይፈጠራል፤ ውጤቱም ያው ይመስላል።

---

ሴል_ወዳጅ (ደብረ ብርሃን)

በአይሬሱ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ሳላነሳው የቀረሁትም ለዚህ ነው። ማስረጃው የጠራበትን መያዝ ይሻላል።

በመጀመሪያው ግን አልስማማም። ኤችአይኤፍ-1 ጂኑን ማስነሳቱ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ኦክስጅን ያጠረው ሴል ጉልበት ለመቆጠብ ጠቅላላ የፕሮቲን ምርቱን ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት መልእክቱ ቢጻፍም ቶሎ ከፈረሰ ወይም ራይቦዞም ካላገኘ ምንም አይጠቅም። ስለዚህ ሦስቱም አብረው ይሠራሉ፤ ጂኑ ይነሳል፣ መልእክቱ ይረጋል፣ ትርጉሙ ይቀጥላል። የትኛው ያመዝናል የሚለው ከጂን ጂን ይለያያል። ትሮምቦፖይቲን ላይ የፊተኛው ጫፍ ብቻውን በሽታና ጤናን ለይቷል። ቴክሰል ላይ የኋለኛው ጫፍ ብቻውን ዝርያ ለይቷል። እነዚህን «ጭማሪ» ማለት ይከብደኛል።

ሌላም አለ። ያው ጂን አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም የኋላ ጫፍ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቢዲኤንኤፍ የነርቭ ሴሎችን የሚያኖር ፋክተር ነው፤ መልእክቱ በሁለት ርዝመት ይጻፋል። ፕሮቲኑ ሁለቱም ላይ አንድ ነው። በ2008 አይጥ ላይ እንደታየው አጭሩ የሴሉ አካል አካባቢ ይቀራል፤ ረጅሙ ወደ ቅርንጫፎቹ፣ ወደ ዴንድራይቶቹ ይጓዛል። እዚህ ላይ ጫፉ መጠንን ብቻ ሳይሆን ቦታንም ወሰነ። የጂኑ መቀስቀሻ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

---

አንኮበሬ

እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። ኦክስጅን ሲያንስ ቪኢጂኤፍ ይጨምራል ካላችሁ፣ የእኛ የደጋ ሰዎች ቪኢጂኤፍ ከቆላው ይበልጣል ማለት ነው?

---

ሐኪም_ደብረብርሃን

ወንድሜ፣ ከላይ የተነገረው አንድ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ስለሚፈጠር ብርቱ እጥረት ነው፤ ደም ያልደረሰው ቁስል፣ ፈጥኖ ያደገ ዕጢ፣ በስኳር በሽታ የተጎዳ ሬቲና። ዕድሜ ልኩን ደጋ ላይ የኖረ ጤነኛ ሰው ሌላ ነገር ነው። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም የባሕር ጠለል ሰው ውስጥ ከሚገኘው ጋር ተቀራራቢ ነበር። በአንዲስ ተራሮች እንደሚታየው ደማቸው አልወፈረም። ስለዚህ ከሴል ሙከራ ተነስቶ ስለ ደጋ ሰው መደምደም አይቻልም።

ስለ ሬቲና ካነሳሁ፣ ስኳር ላለባቸው ቤተሰቦቻችሁ ዓይናቸውን በየዓመቱ እንዲታዩ ንገሯቸው። እዚያ ላይ ቪኢጂኤፍ ሲበዛ ደካማ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ ይደማሉ፣ ብርሃን ያጠፋሉ። ዓይን ውስጥ የሚወጉት መድኃኒቶች የተመረተውን ፕሮቲን ይዘው ሥራ ያስፈቱታል።

---

እነዋሪ_ልጅ

ዶክተር፣ ፕሮቲኑ ከተመረተ በኋላ ከመያዝ ጫፉ ላይ ሠርቶ እንዳይመረት ማድረግ አይሻልም? ተሞክሮ ያውቃል?

---

ጂን_ቆጣሪ

ይህን እኔ ልመልስ። ተሞክሯል፤ የተማርንበትም ነው። ፒቲሲ299 የሚባል የሚዋጥ ውሁድ ነበር። የተገኘው የቪኢጂኤፍን ምርት ከመልእክቱ በኋላ ባለው ደረጃ የሚቀንስ ተብሎ ነው፤ ሴሎች ላይም ቀንሷል። በ2019 የወጣ ሥራ ግን የሚይዘው ዲኤችኦዲኤች የሚባለውን ኢንዛይም እንደሆነ አሳየ። ኢንዛይሙ ዩና ሲ የሚሠሩበትን ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጅ ነው። ጫፉ ላይ የታየው ለውጥ ከዚያ የተከተለ ነበር። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ «ጫፉን ይነካል» ሲባል ምኑን ይዞ እንደሚነካ መጠየቅ ነው።

የተሳካው በሌላ አቅጣጫ ነው። የፋይዘርና የባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት ኤምአርኤንኤ ነው። ጫፎቹ የተመረጡት ፕሮቲኑ በደንብ እንዲመረት ታስቦ ነው። የፊተኛው የተወሰደው ከሰው አልፋ ግሎቢን ነው፤ ትንሽ ተስተካክሏል። የኋላኛው ከሁለት የሰው አርኤንኤዎች ተቆርጦ የተገጠመ ነው። የግሎቢን መልእክት ረጅም ዕድሜ ከላይ በ1986ቱ ሙከራ ተነስቶ ነበር። ያው ቤተሰብ እዚህም አገለገለ።

---

መምህር_ከመንዝ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የበጉን ምሳሌ ወስኛለሁ። የሚር-1 የመጀመሪያ ስምንት ፊደሎች «ዩጂጂኤኤዩጂዩ» መሆናቸውን አይቻለሁ። ተማሪዎቹ ኤን ከዩ፣ ጂን ከሲ እያጣመሩ፣ አቅጣጫውን ገልብጠው ማረፊያውን ራሳቸው እንዲያወጡ አደርጋለሁ። «ኤሲኤዩዩሲሲኤ» ሊመጣላቸው ነው። ከዚያ ከኤዎቹ አንዷን በጂ ቀይረው ምን እንደሚፈጠር ይንገሩኝ። የቀረ ነገር ካለ አርሙኝ።

---

በግ_አሻሻይ (ደብረ ብርሃን)

በጣም ጥሩ ነው መምህር። የሚር-206ም የመጀመሪያ ስምንት ፊደሎች እነዚሁ ስለሆኑ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ለአንድ ነገር ግን ይዘጋጁ። ኤዋን በጂ ሲቀይሩ ከፊት ለፊቷ ያለችው ዩ ናት። አርኤንኤ ላይ ጂና ዩ ላላ ብለውም ቢሆን ይጣመራሉ፤ ያች እጇን ያወጣችው ልጅ ይህን ሳትጠይቅ አታልፍም። «ታዲያ ጂ እያለችም ሚር-1 ለምን አይቀመጥም ነበር?» ትልዎታለች። መልሱ፣ እነዚህ የመጀመሪያ ፊደሎች መልእክቱን አጥብቆ ለመያዝ የሚያገለግሉ መሆናቸው ነው። እዚያ ላይ የጂና የዩ ልል ጥምረት ማያያዣውን በእጅጉ ያደክመዋል። ሰሌዳው ላይ የጂንና የዩን ጥምረት በነጠብጣብ፣ ሌሎቹን በሙሉ መስመር ቢስሉላቸው ልዩነቱን በዓይናቸው ያዩታል።